ሦስት ከአምስት

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 7

ዘጠኝ ሰው መጣ። ስድስቱ ፓስወርድ ረስተዋል። እትዬ ስንዱ ግን ረስተው አይደለም፤ ደብቀው ነው። የጻፉበትን ወረቀት ሌባ እንዳያገኘው ብለው አስቀመጡ፣ እሳቸውም አላገኙት። ሃያ ደቂቃ በዚህ አለቀ።

ክፍላችን ያው ነው። ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ካለው የሐበሻ ቅመም ቤት ጀርባ፣ የበርበሬ ከረጢት የተደረደረበት። ባለቤቱ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በነጻ ይሰጠናል። ሁላችንም እናስነጥሳለን። የሚመጡት ከሃምሳ አምስት በላይ የሆኑ ሥራ ፈላጊዎች ናቸው፤ ታክሲ የነዱ፣ ሆቴል ያጸዱ፣ ፓርኪንግ ቡዝ ውስጥ ሒሳብ እየተቀበሉ ሃያ ዓመት የተቀመጡ። ድሮ ሥራ በሰው ነበር የሚገኘው። የአገር ልጅ ይደውላል፣ ነገ ና ትባላለህ፣ ዩኒፎርም ይሰጥሃል፣ አለቀ። አሁን ማመልከቻህን መጀመሪያ የሚያየው ኮምፒዩተር ነው። እኔ ይህን አስተምራለሁ። ሬዙሜ የሚባለውን የሥራ ልምድ ወረቀት፣ ኢሜይል፣ የካሜራ ኢንተርቪው። ጋሼ ኃይሉ ይሉኛል። ምን ትሠራለህ ሲሉኝ ኮንሰልታንት ነኝ ብያቸዋለሁ።

አይደለሁም። አንተ ታውቃለህ ደብተሬ፤ ላንተ መዋሸት አልጀመርኩም። እሠራበት የነበረው የካልቨር ሲቲ ሕንጻ ፓርኪንጉን ለካሜራና ለስልክ አፕ ካስረከበ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። እኔም ሥራ ከፈታሁ እንደዚያው። የፓርኪንጉ ማናጀር ነበርኩ፤ በሥሬ አሥራ ሁለት ሰው ነበር። አሁን ቤቱን የያዘችው ባለቤቴ ንግሥት ናት። አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ እየሄደች ትንከባከባለች፣ ደብል ሺፍት። አንድ ቀን ወቅሳኝ አታውቅም። ጫማዋን ስታወልቅ ግን አያለሁ።

ዳምጠው ዛሬም ቀድሞ መጥቶ ወንበር ደረደረ። አሥራ አንድ ዓመት በእኔ ሥር ካሸር ሆኖ የሠራ ሰው ነው። በአንድ ቀን ነው የተሰናበትነው። በዕድሜ አራት ዓመት ይበልጠኛል፣ ግን እስከ ዛሬ አለቃ ነው የሚለኝ። የሚኖረው ካልቨር ሲቲ፣ ሴት ልጁ ዘንድ፣ ሳሎን ሶፋ ላይ። ቤት ልከራይ ሲል የደመወዝ ወረቀት አምጣ ይሉታል። የራሱ በር ያለው አንድ ክፍል ነው የሚፈልገው። ሌላ ምኞት ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም።

ሬዙሜውን ዛሬ ጨረስኩለት። አቤት ጭቅጭቅ! ምን ሠራህ ስለው፣ ሠራን ይላል። ስለ ራሱ ማውራት ለሱ ነውር ነው። አንተ ብቻህን ያደረግከውን ንገረኝ ስለው፣ ሰው ብቻውን ምን ያደርጋል ብሎ መልሶ እኔን ይጠይቀኛል። በመጨረሻ ራሴ ጻፍኩት፤ መራሁ፣ አሠለጠንኩ፣ አሻሻልኩ። እያነበብኩ ስተረጉምለት አንገቱን ደፋ። ቀና ብሎ ደግሞ፣ ይሄን ሰውዬ ባገኘው እኔም እቀጥረው ነበር አለ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

እሱ ሲናገር ይስቃሉ። እኔ ስናገር ማስታወሻ ይይዛሉ። ይህን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም። ንግሥት ልትመጣ ነው፣ እራት ላሙቅ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 9

ጠዋት። ማስታወቂያ አገኘሁ። ፒኮ ሮበርትሰን ሰፈር ያለ አንድ ክሊኒክ የእንግዳ መቀበያና የፓርኪንግ አስተባባሪ ይፈልጋል። የቀን ሥራ። ኢንሹራንስ አለው። ከቤት ሩብ ሰዓት። ልቤ ዘለለ። የእኔ ሥራ ነው፤ ስሜ ብቻ ነው ያልተጻፈበት። ሬዙሜዬን ሦስቴ አስተካከልኩ። ማስታወቂያው ውስጥ ያሉትን ቃላት አንድ በአንድ እያነሳሁ መልሼ አስገባሁ፣ ልክ እንደማስተምረው። ላክሁ። ለንግሥት አልነገርኳትም። ሲሳካ እነግራታለሁ።

ከሰዓት። ማስታወቂያውን ለክፍሉ አሳየሁ። ደግ ሆኜ አይደለም። ባላሳያቸው ራሳቸው ያገኙታል፣ ያኔ ለምን ደበቅከን ይሉኛል። ደግሞ እውነቱን ልጻፈው፤ ከእነሱ አንዱ እኔን ይቀድማል ብዬ አላሰብኩም። ለዳምጠው አብሬው ተቀምጬ ሞላሁለት። ሪፈረንስ በሚለው ላይ፣ ማለትም ስለ አንተ የሚመሰክር የቀድሞ አለቃ፣ የእኔን ስም አስገባ። ሳይጠይቀኝ። ምን ያስጠይቃል፣ ሌላ አለቃ የለውም።

11 ሰ. መልስ መጣልኝ። ላሳዩት ፍላጎት እናመሰግናለን፣ ከሌሎች አመልካቾች ጋር ለመቀጠል ወስነናል። ሰው አላነበበውም። ሰው ቢያነበው በአንድ ቀን እንዲህ አይፈጥንም። ሃያ ሁለት ዓመት ልምድ! ኢሜይሉን አጠፋሁት። ከጠፉት ውስጥ ገብቼም እንደገና አጠፋሁት።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 13

ዳምጠው ደወለ። እየጮኸ። ኢንተርቪው ጠሩት። ለዚያው ሥራ።

እንኳን ደስ ያለህ አልኩት። ድምፄ ደህና ነበር። ስልኩን ዘጋሁና ወጥ ቤት ገብቼ አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠጣሁ። ሌላ ደገምኩ።

ያ ሬዙሜ የእኔ ነው። መራሁ ያልኩት እኔ ነኝ። እንግሊዝኛው የእኔ ነው። የእኔው እጅ የጻፈው ወረቀት እሱን አሳልፎ እኔን ጣለኝ። ለምን? ማናጀር የሚለው ቃል አስፈርቷቸው ይሆን? ብዙ ደመወዝ ይጠይቃል ብለው ይሆን? ቢጠይቁኝ እኮ እነግራቸው ነበር። የሰጡኝን እወስዳለሁ።

ቅናት ነው። ሌላ ስም አልፈልግለትም። ስልሳ አንድ ዓመት ሞልቶኝ፣ ሶፋ ላይ በሚተኛ ሰው እቀናለሁ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14

ኢንተርቪው እዚሁ ክፍል ተቀረጸ። ሰው የለበትም። ጥያቄው ስክሪኑ ላይ ይመጣል፣ ሠላሳ ሰከንድ ታስባለህ፣ ሁለት ደቂቃ ትናገራለህ፣ ካሜራው ይቀርጻል። ስንቴ አሠለጠንኩት! ካሜራዋን ቀና ብለህ እያት፤ ዓይንህን ዝቅ ማድረግ እዚህ አክብሮት አይደለም፣ የደበቅከው ነገር ያለ ይመስላቸዋል። ኮፍያህን ሳትጀምር አውልቅ። ሰላምታ አታብዛ፣ የሚመልስልህ የለም።

ላፕቶፔን ሰጥቼው በሩን ዘጋሁ። ቅመም ቤቱ ውስጥ ቆሜ አዳመጥኩ። በሰላምታ ጀመረ። በእንግሊዝኛ፣ ግን እንደ እኛ አድርጎ፤ እንዴት ናችሁ፣ ቤተሰብ እንዴት ነው፣ ሥራ እንዴት ይዟችኋል፣ ጤናችሁስ። ከዚያ ዝም። ማሽኑ እስኪመልስለት እየጠበቀ ነው! ሁለቱ ደቂቃ እየሄደ ነው። ምን ተሰማኝ መሰለህ? ደስ አለኝ። ይኸው ጻፍኩት። አበቃለት ብዬ ተነፈስኩ።

ከዚያ ሳቁ ተሰማኝ። በራሱ እየሳቀ ነው። ይቅርታ፣ ለካ እናንተ ሥራ ላይ ናችሁ፣ እኔ ልቀጥል አላት ማሽኗን። ቀጠለም። የቀረውን ሳልሰማ ወደ ደጅ ወጣሁ።

ሲወጣ ሸሚዙ በላብ ርሷል። አበላሸሁት አለቃ፣ አለኝ። አይዞህ ደህና ነው አልኩት። እንዳበላሸው አምኜ ነበርና ማጽናናቱ አልከበደኝም።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 15

ንግሥት ሥራ ናት። ቤቱ ባዶ። ላፕቶፑን ከፍቼ ራሴን ቀረጽኩ። ስለ ራስዎ ይንገሩን፣ የሚለውን። መልሴን በቃሌ ነው የማውቀው፣ አንድም ቃል አልተሳሳትኩም። አጫውቼ አየሁት። የሕንጻ ደንብ የሚያነብ ሰውዬ ነው። ቅንድቡ ብቻ ይንቀሳቀሳል።

እንደገና ቀረጽኩ። እንደ ዳምጠው ሰላም ብዬ ጀመርኩ። ልስቅ ሞከርኩ። ደብተሬ፣ እባክህ ማንም እንዳያይብኝ። አጠፋሁት።

ያኔም እኮ እቀና ነበር። አሁን የመጣ አይደለም። በገና ሰሞን የሕንጻው ሰዎች ለዳምጠው ቡዝ ካርድ ይዘው ይመጡ ነበር። የማንን ልጅ ጥርስ ማን እንደነቀለው ሳይቀር ያውቃል። የተሰናበትን ቀን ኬክ ገዝተው የሱን ስም ጻፉበት። የእኔንም ጽፈዋል፣ ከሥር፣ ተሳስተው። ኬኩን ቆርጦ መጀመሪያ ለእኔ ያቀረበው እሱ ነው። በላሁት፣ ጣዕሙን ግን አላስታውስም።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 16

አለፈ።

ገና ከመግባቴ ክፍሉ በሙሉ ዳምጠውን ከቦታል። ከክሊኒኩ አንዲት ሴት ራሷ ደውላ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ስቀጥር ጤናዬን የጠየቀኝ አመልካች አንተ ብቻ ነህ አለችው። የቀረው ሪፈረንስ ብቻ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ይወስናሉ። ሰላምታ አታብዛ ያልኩት እኔ ነኝ።

ሰሌዳው ጋ ቆሜ የዛሬውን ትምህርት ጀመርኩ። ሰሚ የለም። ወንበራቸውን ወደ እሱ አዙረዋል። ምን አልክ፣ እንዴት አልክ፣ እጅህን የት አደረግክ። አንዱ እንዲያውም ስልኩን አውጥቶ ቀረጸው። እኔን ማን ቀርጾኝ ያውቃል?

ከዚያ ይህ መጣ። ኢንተርቪው መጨረሻ ላይ የሚጨምሩት ነገር አለ ወይ የሚል ጥያቄ ነበረው። እሱም፣ ሌላ ሰው ካስፈለጋችሁ አለቃዬ ኃይሉ አለ፣ እሱም ሥራ ፈላጊ ነው፣ ከእኔ እሱ ይሻላል ብሎ መለሰ። ይህንን ነው ፊቱ እየበራ ለክፍሉ የሚነግራቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ ለማንም ተንፍሶ አያውቅም ነበር። ዛሬ ግን በደስታው ብዛት ረሳው። ስጦታ የሰጠኝ መስሎታል።

አንድ ሰው ብቻ አስነጠሰ።

እትዬ ስንዱ ቀደሙ። "ውይ ኃይሉ፣ አንተም ሥራ የለህም እንዴ?" አሉና እጄን በሁለት እጃቸው ያዙኝ። ለቅሶ ቤት እንደተገኘ ሰው ያዙኝ! ከኋላ የተቀመጡት ሰውዬ ኮንሰልታንት አልነበረም ወይ ብለው ጎረቤታቸውን ሲጠይቁ ሰማሁ። አሥራ አንድ ዓመት ያዘዝኩት ሰው ለእኔ ሥራ ለመነልኝ። ክፋት የለበትም፤ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ክፉ ቢሆን ተጣልቼው በተገላገልኩ።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 17

የሪፈረንሱ ሊንክ መጣ። ከክሊኒኩ። ስለ ዳምጠው አሥር ጥያቄ፣ እያንዳንዱ ከአንድ እስከ አምስት። ሰዓት ያከብራል? ከሰው ይግባባል? አዲስ ነገር ቶሎ ይለምዳል? ታማኝ ነው?

ሦስት። ሦስት። ሦስት። ሰዓት ማክበር ላይ አራት ሰጠሁት፣ እንዳያስታውቅብኝ። ታማኝነት ላይ እጄ ቆመ። አሥራ አንድ ዓመት አንድ ሳንቲም አላጎደለም። ሦስት። መልሰው ይቀጥሩታል ወይ ለሚለው አዎ፣ አይደለም፣ ምናልባት የሚል አለ። ምናልባት። አስተያየት በሚለው ላይ፣ ጥሩ ሰው ነው ብዬ ጻፍኩ። ላክሁ። አራት ደቂቃ አልፈጀም።

ምን አጠፋሁ? ሦስት መጥፎ ነው? እኛ ዘንድ ከአምስት ሦስት ያመጣ ልጅ አባቱ አይቆጣውም። የጂኦግራፊ አስተማሪያችን ሙሉ ነጥብ የፈጣሪ ነው፣ አራት የእኔ ነው፣ የእናንተ ከሦስት ይጀምራል ይሉን ነበር። የትኛውም የአገር ሰው ቢጠየቅ የሚሰጠው ሦስት ነው፣ ግፋ ቢል አራት፣ ሰውየውን እየወደደውም ቢሆን። ማንም ቢጠይቀኝ ይህን እላለሁ።

ውሸቴን ነው። ከማስተምረው ሁሉ አጥርቼ የማውቀው ይህንን ነው። እዚህ አገር አምስት ማለት ደህና ነው ማለት ነው። አራት ማለት ችግር አለበት። ሦስት ማለት አትቅጠሩት ነው። ሌላው ሰው ሳያውቅ የሚያጠፋውን እኔ አውቄ አጠፋሁት።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 18

መኪና አጠብኩ። የንግሥትን፣ ከዚያ የራሴን። እስኪደርቅ ወለወልኩ፣ እንደገና አጠብኩ። ምን ሆነሃል አለች። ምንም። ዳምጠው ያንን ሥራ አገኘ ወይ አለች። ገና ነው አልኳት። ቢያገኝ ደስ ይለኛል፣ ያ ሰው ሲስቅ ድካሜ ይወጣል አለች። የራሴ ሚስት!

ጨርቁን ጨምቄ አሰጣሁ። የእኔ ሳቅ ምን እንደሚያደርግላት አልጠየቅኳትም።

እሑድ፣ ኦክቶበር 19

ቸርች። ዳምጠው ከፊቴ ሁለት ወንበር ራቅ ብሎ። የጸሎት ርዕስ ያለው ሲባል እጁን አነሳ። ስለ ሥራው ጸልዩልኝ አለ። ደግሞ ስለ ወንድሜ ስለ ኃይሉም፣ አለ።

ሁሉም ዓይኑን ጨፈነ። እኔ አልቻልኩም። ምንጣፉ ላይ ያለች የቡና ነጠብጣብ ስመለከት ቆየሁ። ጸሎቱ እንኳ ከእኔ ይልቅ በእሱ ያምራል እያልኩ። አሜን ስል ከሁሉም ዘግይቼ ነበር፣ ሰው ዞሮ አየኝ። ከቸርች ስንወጣ ለሰላምታ ሳይደርስብኝ መኪናዬን አስነስቼ ሄድኩ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 21

እትዬ ስንዱ ደስ ብሏቸው ገቡ። ለሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል አመልክተው ነበር። የቀድሞ ተቆጣጣሪያቸው የአገር ልጅ ነው፤ ፎርሙን ሞልቶ ራሱ ደወለላቸው። በሁሉም ሦስት ሰጥቼዎታለሁ እትዬ፣ አይዞዎ አላቸው። ለክፍሉ ነገሩ፣ ተጨበጨበላቸው። ከዚያ ስልካቸውን አቀበሉኝ። ኢሜይል መጥቶልኛል፣ አንብብልኝ አሉ።

ከሌሎች አመልካቾች ጋር ለመቀጠል ወስነናል።

የተረጎምኩላቸው እኔ ነኝ። "በሁሉም ሦስት አግኝቼ?" አሉ። ደገሙት። "ልጁ እኮ ይወደኛል። ሠርጉ ላይ ተገኝቻለሁ።" ቁጭ አሉ። ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አቅፈው ሰሌዳውን ብቻ ያያሉ።

አስረዳሁ። ምን ላድርግ፣ አስተማሪ ነኝ። ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት። 5 ደህና ነው። 4 ችግር አለ። 3 አትቅጠሩ። ስማቸውን ለሪፈረንስ የምትሰጡትን ሰዎች አስቀድማችሁ ደውላችሁ በሁሉም አምስት ስጡልኝ በሏቸው አልኩ። አንዱ፣ ታዲያ ውሸት አይሆንም ወይ አለ። እዚህ ውሸት የሚሆነው ሦስቱ ነው አልኩት። ሁሉም ጻፉ።

ዳምጠው ከኋላ ሆኖ፣ "እኔስ ተመስገን ነው፣ የእኔ ሪፈረንስ ራሱ መምህሩ ነው" አለ። ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ሳቅኩ እኮ ደብተሬ! ፊቴን ወደ ሰሌዳው መልሼ ማጥፋት ጀመርኩ። የተጻፈው ከጠፋ በኋላም እያጠፋሁ ቆየሁ።

ሲወጡ እትዬ ስንዱን መኪናቸው ድረስ ሸኘኋቸው። ያ ልጅ ክፉ አይደለም ኃይሉ፣ አላወቀም ነው አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ያላወቀ ሰው ይቅር ይባላል አሉ። አዎ። በሩን ዘጋሁላቸው።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 22

ክሊኒኩ ደወልኩ። ሦስት ቦታ አስተላለፉኝ። ያቺው ሴትዮ ተገኘች። ስሜን ስነግራት ወዲያው አወቀችኝ። ስለ ዳምጠው የሞላሁት ልክ አይደለም፣ ልቀይረው አልኳት።

እሱ በቪዲዮው ስለ እርስዎ የተናገረውንና እርስዎ ስለ እሱ የሞሉትን ጎን ለጎን አይተን ገርሞን ነበር አለች። ለምን እንደዚያ ሞሉት? ቅናት በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል አውቃለሁ፤ አፌ ላይ ግን አልመጣም። ተሳስቼ ነው አልኩ። በዘጠኙ ላይ? አለች። በዘጠኙ ላይ።

ጨዋ ሴት ናት፣ አልገፋችበትም። ግን ፎርሙ አንዴ ከተላከ አይከፈትም። አመልካቹ ራሱ በጽሑፍ፣ የመጀመሪያው ይሰረዝልኝና አዲስ ይላክ ብሎ ከጠየቀ ብቻ ነው ሌላ ሊንክ የሚወጣው። እስከ ዓርብ፣ በእነሱ አምስት ሰዓት፣ በእኛ አሥራ አንድ። ምን ነጥብ እንደተሰጠው እሷ ልትነግረው አትችልም፣ ምስጢር ነው። አሁን ባለው ግን አይቀጥሩትም። ይህን በግልጽ አልተናገረችም፤ ከአነጋገሯ ገባኝ።

እንግዲህ ለዳምጠው የምነግረው እኔ ነኝ።

መውጫ አለኝ። ሲስተሙ ተበላሽቶ መልሴን በትክክል አልተቀበለም፣ ኢሜይል ጽፈህ ሌላ ሊንክ ጠይቅ እለዋለሁ። ያምነኛል። ፓስወርዱ እንቢ ሲለው እንኳ ኮምፒዩተሩን ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ነው። አንድ ኢሜይል ይልካል፣ አሥር ቦታ አምስት እሞላለሁ፣ ሥራውን ያገኛል፣ ክፍል ይከራያል። ማንም አይጎዳም። ይመጣና እቅፍ አድርጎ ያመሰግነኛል። እዚህ ላይ ስደርስ ብዕሬን አስቀመጥኩ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 23

የዛሬውን ክፍል ሰረዝኩ። አሞኛል አልኳቸው።

ጠዋት ለንግሥት ነገርኳት። ማመልከቴን፣ መጣሌን፣ ሦስቶቹን፣ ሁሉንም። ጫማዋን እያሰረች ሰማችኝ። ስጨርስ፣ ለእኔ ምን ትነግረኛለህ፣ ሂድና ለሱ ንገረው አለች። በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ደርግማው ብትሄድ ይሻለኝ ነበር።

9 ሰ. ከሰዓት። ካልቨር ሲቲ። የዳምጠው ልጅ ሕንጻ ፊት ለፊት ፓርክ አድርጌ፣ አንተን ጉልበቴ ላይ ይዤ። ባቡሩ በድልድዩ ላይ ያልፋል።

ደወልኩለት። ታች ነኝ፣ ውረድ አልኩት። ለምን አላለም። መጣሁ አለ።

ሁለት ንግግር ይዣለሁ። የሲስተሙ አጭር ነው፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ሌላው ከየት እንደሚጀመር አላውቅም። ከኬኩ ልጀምር? ከሬዙሜው? እቀናብሃለሁ ብዬ ልጀምር? አሁንም እቀናለሁ እኮ። ወደዚህ ስነዳ ያልፍልኛል ብዬ ነበር፣ አላለፈልኝም። ሰኞ ዩኒፎርም ለብሶ ክሊኒኩ በር ላይ ባየው ቅናቱ ያንገበግበኛል። ይህንንም ይዤ ነው የምነግረው፣ ከነገርኩት።

እውነቱን ከሰማ አለቃ አይለኝም። ክፍሉም መስማቱ አይቀርም። የሰው ሪፈረንስ የሚያበላሽ አስተማሪ ጋ ማን ይመጣል? ማክሰኞና ሐሙስም ይቀሩብኛል። ከእነሱ ሌላ ምን አለኝ?

በሩ ተከፈተ። ዳምጠው ነው። በነጠላ ጫማ፣ ሸሚዙን ሳይቆልፍ። እየሮጠ ነው ሰውዬው፣ በስልሳ አምስት ዓመቱ! ግራ ቀኝ ሳያይ መንገዱን ተሻገረ። ፊቱ በሙሉ ሳቅ ነው። መስታወቱን በጣቱ መታ፣ ድምፁ በመስታወቱ ውስጥ አልፎ ይሰማኛል። "አለቃ! ጠሩህ እንዴ? ክሊኒኩ አንተንም ጠራህ?"

ለእኔ የተሳካልኝ መስሎት ነው የሮጠው።

የሲስተሙን ነገር አላወራለትም። መስታወቱን ላወርድ ነው።